ከዑድሒያ በፊት ስለቱን እንይ

ለዑድሒያ በግ ስንመርጥ ስለ ቢላዋውም ልናስብ ይገባል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲስልና እንስሳውን እንዲያሳርፍ ማዘዛቸውን ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ሶሒሕ ሙስሊም ዘግቦታል። በጅማ ቦሳ አዲስም ሆነ በአጋሮ ላሉ ቤተሰቦች ይህ የኢሕሳን ጉዳይ ነው።

ቢላዋ ሲዶለዱም ብዙ ሰው ስለቱ የተበላ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ስለቱ የታጠፈ ነው። ጫፉ እጅግ ስስ ብረት ስለሆነ አጥንት ወይም ሳህን ሲነካ፣ ሥጋ ውስጥም ሲጣመም፣ ወደ ጎን ይተኛል። ለስለስ ያለ ብረት ይታጠፋል፤ በጣም ጠንካራው ደግሞ ይሸረፋል።

ለማወቅ ስለቱን ወደ ብርሃን ማዞር ነው። የተሳለ ስለት አያብረቀርቅም፤ የታጠፈው ቦታ ግን ያበራል። እንዲህ ከሆነ ሥጋ ቤቶች የሚጠቀሙበት የሞረድ ዘንግ ይበቃል። ቢላዋውን 20 ዲግሪ ያህል አጋድለን፣ ሳንጫን፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ ግራና ቀኙን እያፈራረቅን ጥቂት ጊዜ እንስባለን። ሞረድ ከሌለ የቡና ሲኒ ተገልብጦ ሻካራው የመቀመጫው ክብ ያገለግላል።

ደጋግሞ የታጠፈና የቀና ስለት ግን ደክሞ ይረግፋል። ያን ጊዜ በመሳያ ድንጋይ አዲስ ስለት ማውጣት ግድ ነው። ከዚያም በእንጨት መክተፊያ ላይ ብቻ እንጠቀምበት።

ይህን ሁሉ በዋዜማው እንጨርስ። በእንስሳው ፊት ቢላዋ መሳል የተጠላ ነውና።