ጀግኒት ያለ ወንድ ልብስ

የአማርኛ ልቦለድ ብርቱ ሴት አጥቶ አያውቅም። ያጣው ሴትነቷን ሳትሸሽግ ብርቱ የምትሆን ሴት ነው። ነገሩ ከጥንስሱ ይጀምራል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ሲታተም፣ ባለታሪኳ ጦቢያ የጠፋባትን የሥጋ ዘመዷን ፍለጋ የወጣችው ወንድ መስላ ነበር። ከ58 ዓመት በኋላ ሐዲስ ዓለማየሁ ለአንባቢ ባቀረቡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ ስትኮበልል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ሁለቱም ቆራጦች ናቸው፤ ሁለቱም መንገድ የጀመሩት ግን ሴትነታቸውን ሸሽገው ነው።

በዚህ ሁለቱ ደራሲያን አይወቀሱም። ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት በየመንገዱ ሽፍታና ጠላፊ በሚጠብቃት ዘመን ልብስ መለወጥ የኑሮ ብልሃት ነበር። ወቀሳው የሚገባው የመንገድን ችግር እንደ ሥነ ጽሑፍ ሕግ ቆጥረው ለወረሱት ተከታዮች ነው።

የእነዚህ ተከታዮች ሥራ በሁለት መልክ ይታያል። በአንደኛው፣ ባለታሪኳ አፏን ከመክፈቷ በፊት ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አንገቷና ዳሌዋ በተራ ይቈጠራሉ፤ ምን እንደምታስብ የሚታወቀው፣ ያውም ከታወቀ፣ የወንዱ ልብ ከተነካ በኋላ ነው። ሁለተኛው «ይህን አርማለሁ» ብሎ የተነሣ ነው። በዚህኛው ባለታሪኳ ትተኩሳለች፣ ትሳደባለች፤ አታለቅስም፣ አትፈራም፣ አትሳሳትም። ደራሲውም በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ «እሷ እኮ ወንድ ናት!» ያሰኛል። ይህ ሙገሳ ስድብ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ብርታት ሁሉ የወንድ ርስት ነው፣ ሴት ያገኘችውም በውሰት ነው ማለት ነውና። ጦቢያ የለበሰችው የወንድ ልብስ ቢያንስ ከጉዞ በኋላ ይወልቃል፤ ይህኛው ግን ከገላዋ ጋር የተሰፋ ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በአደባባይ ቢነቀፍም በልቦለድ ሴራ ውስጥ ሥልጣኑን አልለቀቀም። ምስጢሩን ሴቲቱ ትደርስበታለች፤ የሚፈታው ወንዱ ነው። ሴቲቱ ደፍራ ትነሣለች፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ሞታ ወይም መንና የወንዱን ኀዘን ታደምቃለች። ተረቱን በንግግሩ የሚያወግዝ ደራሲ በሴራው ሲያጸድቀው ይገኛል።

ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ያስጨነቁት የውኃውን ምንጭ በማስያዝ ነበር። ስንት ሰው በስንት ውኃ እንደሚያድር የሚያውቅ አእምሮ፣ በጓዳም ሆነ በጦር ሜዳ ያው አእምሮ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በፋሽስት ወረራ ዘመን አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱም ትግሉን ቀጠሉ። በዚያው ደሴት የታሰሩት ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፉ፤ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴትም ሆኑ። ከእነዚህ አንዳቸውም ለብርታታቸው «ወንድ ናት» የሚል ምስክር አያሻቸውም።

ደራሲ የግድ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ጦር ሜዳ መሄድ የለበትም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከወንድሞቿ ጋር ርስት ትወርስ ነበር፤ ስለዚህም ሙግቷን ይዛ ዳኛ ፊት የምትቆም ሴት ነበረች። ይህች ሴት ትውልድ ትቈጥራለች፣ ዋስ ትጠራለች፣ ምስክር ታቆማለች፤ የባላጋራዋን ቃል ከአፉ ነጥቃ መልሳ ትወጋዋለች። ዛሬ ብትረታ ነገ ስንቋን ቋጥራ ይግባኝ ትላለች። በልቧ ግን የምትሟገተው የእናቷን ልጅ ነውና ብትረታም ብታሸንፍም የምታጣው አለ። ከነጠላዋ በቀር የለበሰችው የለም። ልቦለድ የሚፈልገው ሁሉ፣ ግጭቱም፣ ምርጫውም፣ ዋጋውም፣ በእሷ ዘንድ ተሟልቶ ይገኛል። የሚጎድለው የሚጽፋት ብዕር ነው።

«ሥነ ጽሑፍ የኅብረተሰብ መስተዋት ነው፤ ሴቶች ተጨቁነው በኖሩበት አገር ጠንካራ ሴት መጻፍ ሐሰት ነው» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። መስተዋትነቱስ ይሁን፤ ነገር ግን መስተዋቱ ወደ አንድ ግድግዳ ብቻ ከዞረ የቤቱን ግማሽ አያሳይም። ጭቆና መኖሩ ጉልበት አለመኖሩን አያስረዳም፤ እንዲያውም ጭቆናን ተሸክሞ ልጅ ያሳደገ፣ ዕዳ የከፈለ፣ ሙግት የረታ ጉልበት ከሁሉ በፊት ሊጻፍ የሚገባው ነው። ሴቲቱን እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብም መፍትሔ አይሆንም። የማትፈራ ሴት ደፋር ልትባል አትችልም፤ የማትሳሳትም ብልህ መሆኗ አይታወቅም።

ስለሆነም ከደራሲያን የሚጠበቀው ቀላል ባይሆንም ግልጽ ነው። ለባለታሪኳ የምታውቀው ሥራ ይሰጣት፤ በሥራዋም ብልሃቷ ይታይ። በሴራው መገጣጠሚያ ላይ ወሳኟ እሷ ትሁን፤ ውሳኔዋ ቢያከስራትም ክሳራው የራሷ ይሁን። ዳሌዋን ለመግለጽ የሚባክነው ቀለም እጇ ምን እንደሚሠራ ለመግለጽ ይዋል። ልቦለድ የምታነብ ወጣት ራሷን ፈልጋ መጽሐፉን ስትገልጥ፣ በወንድ ልብስ የተጀቦነ እንግዳ ሰው እስከ መቼ ይቀበላታል? መልሱ በደራሲያኑ እጅ ነው።