ጦስኝ ይታጠብ ወይስ እንዳለ ይድረቅ?

የመንዝ ጦስኝ ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል አይደለም። በጓሳና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች ከግጦሹ ሣር መሐል፣ በየድንጋዩ ጥግ፣ መሬት ለመሬት ተንፏቆ ይበቅላል። በግ ይረግጠዋል፣ በጠጡንም ይጥልበታል። አዲስ አበባ ላይ በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ጦስኝ የሚገዛ ሰው «ታጥቧል ወይ?» ቢል ታዲያ ምን ይገርማል? ደጋው ላይ ግን ውሃ የነካው ጦስኝ ምን ሽታ ይቀረዋል የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው ነገር አለው።

አይታጠብ የሚሉትን እናስቀድም። ጦስኝን ጦስኝ የሚያሰኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ዘይቶች ቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን እጢዎች ተቋጥረው ይቀመጣሉ። ቅጠሉን በጣት ፈተግ ሲያደርጉት የሚያውደው እጢዎቹ ስለሚፈርጡ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲያሹትም የሚሆነው ይኸው ነው። ሆኖም ፍርሃቱ ትንሽ ተጋኗል። ቲሞል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደ ስኳር አይሟሟም፤ አንድ ሊትር ውሃ ቢያሟሟ 1 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ነከር አድርጎ ማውጣት ብቻውን ሽታውን አያጠፋውም። የሚጎዳው ማሸትና መጭመቅ ነው።

ከዚያ የባሰው ጣጣ ከታጠበ በኋላ ይመጣል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ አይገለጥም። ጥቅምትና ኅዳር ቀኑ ደረቅ ቢሆንም ሌሊቱ ጤዛና ውርጭ ነው፤ ደጅ ያደረ ጦስኝ ቀን የጣለውን እርጥበት ሌሊት መልሶ ይጠጣል። ቤት ገብቶ ከምድጃው በላይ ቢሰቀል የኩበቱ ጭስ ይይዘዋል፣ ሻዩም ኩበት ኩበት ይላል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ቶሎ ይደርቃል፤ ግን አረንጓዴው ይገረጣል፣ ዘይቱም ይተናል። ይህ ዘይት ደግሞ ዋጋ ነው፤ የአውሮፓ ፋርማኮፒያ የጦስኝ ዘመድ የሆነው ደረቅ ታይም በኪሎ ቢያንስ 12 ሚሊ ሊትር ዘይት እንዲኖረው ይጠይቃል። እርጥቡ ተከምሮ ከቆየ ደግሞ ከሥሩ ይሻግታል። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወውን መርዝ የሻይ እሳት አያጠፋውም።

ይታጠብ የሚሉት ግን ቀላል ነገር አልያዙም። «ሻይ ሆኖ ይፈላ የለ» የሚለው መልስ ለግማሹ ብቻ ይሠራል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 89 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ከተንተከተከ አብዛኛውን ተሕዋስ ይገድላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ደግሞስ ጦስኝ ሻይ ብቻ ነው እንዴ? ሽሮና በርበሬ ውስጥም ይገባል። በርበሬው አዋዜ ሆኖ እሳት ሳያየው ሲበላ ከበጠጡ የመጣው ተሕዋስ አብሮ ይበላል። እኔ ለዚህ ነጥብ በቂ መልስ ከማንም አልሰማሁም።

ቢሆንም «ይታጠብ» ብቻ ማለት ጎዶሎ ነው፤ በምን ውሃ? ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ዳር የታለቀለቀ ጦስኝ አቧራው ለቆት ሌላ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ንጹሕ የምንጭ ውሃ ደግሞ አንዲት እናት በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ነው፤ ለቅጠል ማጠቢያ አፍስሺው ማለት ከተማ ሆኖ ይቀላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ስለ መድኃኒት ተክሎች ያወጣው መመሪያ ተክሉ በስሱ ተበትኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አየር እያገኘ እንዲደርቅ ይመክራል። ይህ ቆርቆሮ ክዳንና የሽቦ ወንፊት ቆጥ ያለው ማኅበር የሚችለው ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር በንጹሕ ውሃ ያለቅልቅ፣ ውሃውን ያራግፍ፣ ጥላ ውስጥ ይበትን። ይህ የሌለው ገበሬ ግን ባያጥብ እመርጣለሁ፤ በእርጥቡ ከሚሻግት በደረቁ ቢበጠር ይሻላል። ንጽሕናው ማጭዱ ላይ ይጀምር፦ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ለጋውን ብቻ ማጨድ። ከሥሩ የተነቀለ ጦስኝ አፈሩን ይዞ ይመጣል፣ ለከርሞም አይገኝም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ግጦሽ በየተራ ሲዘጋና ሲከፍት ለኖረ ሕዝብ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጓሮው ውስጥ በድንጋይ ካብ አጥሮ፣ በግ እንዳይገባ አድርጎ የተከለው ሰውማ የመታጠቡን ክርክር ግማሹን ገላግሎታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ግን ይቀራል። ነጋዴው የሚገዛው በሚዛን ከሆነ፣ በጥላ አቆይቶ አጥንቱ እስኪሰበር ያደረቀው ሰው ያው ጆንያ ይቀልበታል፤ ትንሽ እርጥበት ያስቀረው ደግሞ ያተርፋል። የሽታና የድርቀት ደረጃ ወጥቶለት ዋጋው በዚያ ካልተከፈለ፣ ቢታጠብም ባይታጠብም ወደ ከተማ የሚወርደው ጆንያ እርጥበት እንዳዘለ ነው።