ወጣቱን ለአገልግሎት ማስገደድ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእንግዳ መቀበያው ቤት ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን፣ ሻይም ቀርቦልን ሳለ አንድ ክርክር ተነሣ። ከአገር ቤት የመጡ አንድ አባት በደማስቆ በር በኩል ሲያልፉ ያዩትን አወጉ። ጢማቸው ገና ያልወጣ ወንዶችና ጠጕራቸውን የጐነጐኑ ልጃገረዶች መሣሪያ አንግተው ቆመው ነበር። «ልጅ ማሳደግ እንዲህ ነው! የእኛም ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው ሁለት ዓመት አገሩን እንዲያገለግል በሕግ ቢገደድ ኖሮ፣ እርስ በርሱ ይተዋወቅ ነበር፤ በዘርም ባልተለያየ ነበር» አሉ።

ከአጠገባቸው የተቀመጡ እናት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ወንድሜን በ1976 ዓ.ም. ከገበያ አፍሰው ወሰዱት። እናቴ ይመጣል እያለች እስክትሞት ድረስ በሯን ሳትቀረቅር አደረች። እርስዎ ይህን አገልግሎት ይሉታል?» አሏቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ኋላም ሁለቱም ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «አባታችን፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያች ሰዓት የሚገባ መልስ ስላልነበረን፣ በዚህ ዓምድ እንደምንመልስ ቃል ገባን።

ፈራጅ በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ነገር ካለበት አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋልና፣ ከራሳችን እንጀምር። ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ እኛ በጎጃም በአንድ ቅኔ ቤት ደበሎ ለብሰን የምንማር የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበርን። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ስድስት ወር እንዲሠለጥን፣ ሁለት ዓመትም እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሁሉም እኩል ነበር። ኮታው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሲደርስ ግን ዘመድ ያለው ልጁን አሸሸ፤ ጥሪት ያለው እጅ መንሻ ሰጠ፤ አገሩ ሩቅ፣ ወገኑ የማይታወቅ የቆሎ ተማሪ የቁጥር ማሟያ ሆነ።

አንድ ቀን አኩፋዳ ይዞ ቁራሽ ለመለመን የመውጣት ተራው የእኛ ነበር። ወባ አንቀጥቅጦን ስለነበር በአንድ ጎጆ አብሮን የሚኖር ባልንጀራችን፣ «ተኛ፤ እኔ እወጣለሁ» ብሎ ሄደ። በማታ አኩፋዳው ብቻ ተመለሰ፤ መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘው እረኛ ነበር ያመጣው። የኔታ ካሉት ተማሪዎች ሁሉ ቅኔ የሚዘርፍበት ስልት የሚደነቅለት እርሱ ነበር። እኛ ያን ክረምት ቀን ቀን በየኔታ ጎተራ ተሸሽገን አሳለፍነው። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ እስከ ዛሬም ስሙን በጸሎት ስናነሣ ከሕያዋን ጋር እንጥራው ወይስ ከሙታን ጋር አናውቅም። እንግዲህ ስለ ግዳጅ የምንናገረው በእርሱ ተራ በሕይወት የቀረን ሰዎች ሆነን ነውና፣ ንግግራችንን በዚህ ሚዛን ተቀበሉት።

ይህ ቁስል ግን የእኚያን አባት ሐሳብ አቃልለን እንድናልፍ አያደርገንም። እርሳቸው በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አንዱ ነበሩ። የከተማ ልጅ ሆነው በሬ ተጠምዶ ሲታረስ በቅርብ ያዩት፣ ከገበሬ ጋር በአንድ መሶብ የቀረቡት ያን ጊዜ እንደ ሆነ ነግረውናል። ከዚያም በፊት በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየአውራጃው እንዲያገለግሉ ተደርጎ፣ ብዙዎቹ በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ስንት ሽማግሌና ባልቴት ከልጅ እግር መምህራን ፊደል ቈጥረዋል። ስለዚህ ታዞ የሄደ ሁሉ ያለ ፍሬ ተመለሰ ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን ከእነዚያው ዘማቾች ብዙዎች የታዘዙበት ነገር ከኅሊናቸው ጋር ሲጋጭ ጣቢያቸውን ጥለው መሄዳቸውም እውነት ነው።

መጻሕፍትን ብንመለከት፣ ግዳጅ ለእስራኤል ዘሥጋ እንግዳ አልነበረም። በኦሪት ዘኍልቍ ከ20 ዓመት ጀምሮ ለሰልፍ የሚወጣው ሁሉ ተቈጥሯል። ዳሩ ግን ያው ሕግ በዘዳግም አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀውን፣ ወይን ተክሎ ያልቀመሰውን፣ ሚስት አጭቶ ያላገባትን፣ ልቡም የፈራውን ሁሉ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያዛል። ሕግ አውጪው ሰውየው ከሰልፉ ውጭ ሕይወት እንዳለው አልረሳም።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን በንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። ቤተ መቅደሱን ለመሥራት ከእስራኤል 30,000 ሰው በግዳጅ መልምሎ፣ በየወሩ 10,000 እየላከ፣ አንድ ወር በሊባኖስ ሁለት ወር በቤታቸው እንዲሆኑ ተራ አበጀላቸው። ሥራው የእግዚአብሔር ቤት ነበር፤ ተራውም ርኅራኄ ነበረበት። ይሁን እንጂ ቤተ መቅደሱ ካለቀ በኋላም የመንግሥቱ ሸክም አልቀለለም። ንጉሡ ሲያርፍ ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ ልጁን ሮብዓምን ቀንበሩን እንዲያቀልለት ለመነው። ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ የእኩዮቹን ሰማ፤ ሸክሙንም እንደሚያከብደው ተናገረ። ሕዝቡም የግዳጅ ሠራተኞቹን አለቃ በድንጋይ ወገረው፤ ንጉሡ በሠረገላው ወደዚህች ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ፤ አሥሩ ነገድም ተለየ። ለቤተ መቅደስ የታዘዘ ግዳጅ እንኳ ልክና መጨረሻ ሲያጣ መንግሥትን ለሁለት ከፈለ።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው አዋጅ የብሔራዊ አገልግሎቱ ዘመን 18 ወር ነበር። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ለብዙዎች ማብቂያው የማይታወቅ ሆነ። ከዚያ ሸሽተው የሲናን በረሃ አቋርጠው የመጡ፣ ዛሬ በቴል አቪቭ የሚኖሩ ወንድሞችና እኅቶች በበዓላት ወደ ጎልጎታ ሲወጡ እናያቸዋለን። በ18 ዓመታቸው ገብተው ጠጕራቸው እስኪሸብት ያልተሰናበቱ ወንድሞች እንዳሏቸው ይነግሩናል። 18 ወር የታዘዘ ሰው ያገለግላል፤ ዘመኑ ያልተነገረው ግን መውጫ መንገድ ሲፈልግ ይኖራል።

ስለዚህች ስለምንኖርባት አገር ሕግ ለመፍረድ እንግዶች ነንና አንደፍርም። ነገር ግን በደጃችን የሚሆነውን አለማየት አንችልም። ወንዶቹ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ፣ ሴቶቹ ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላሉ። ስለ ሃይማኖታቸው መሣሪያ የማያነሡ ብዙ ልጃገረዶችም በሆስፒታልና በትምህርት ቤት በማገልገል ይተኩታል። የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ልጆችም በዚያው ሠራዊት ውስጥ ናቸው። ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ግን ሜአ ሸዓሪም ደርሶ ሌላ ነገር ያያል፤ በዚያ የሚኖሩት አክራሪ ሃይማኖተኞች ልጆቻቸው ኦሪትን ማጥናታቸው ራሱ አገርን መጠበቅ ነው ይላሉ። መንግሥቱ ሲመሠረት ዳዊት ቤን ጉሪዮን 400 ያህል ተማሪዎች ከውትድርና እንዲቆዩ ፈቅደው ነበር፤ ኋላ ቁጥሩ በብዙ አሥር ሺዎች ሆነ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነጻ የሚያወጣቸው ሕግ ስለሌለ እነርሱም እንዲመለመሉ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በየመንገዱ የምታዩት ሰልፍና ጩኸት የዚህ ውጤት ነው።

እነዚያን ጥቁር ለባሽ ወጣቶች መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ስናይ፣ የጎተራው ክረምት ትዝ ይለናል። መማር እንዴት እንደሚጣፍጥ፣ ከትምህርት መነጠቅም እንዴት እንደሚመር እናውቃለን። ነገር ግን ልጇን ቀብራ የተመለሰችው የማዶዋ እናት፣ «የእኔ ልጅ ስለምን? የእነርሱስ ስለምን አይደለም?» ስትል ምን እንመልስላታለን? ሌዋውያን ለሰልፍ ከሚወጡት ጋር አልተቈጠሩም። ዳሩ ግን ሥራ ፈት ሆነው አልተቀመጡም፤ ድንኳኑን ይሸከሙ፣ ይተክሉ፣ ይነቅሉ ነበር። ከአንዱ ሸክም ነጻ የወጣ ሌላውን እንዲሸከም ነው፤ ይህ ፍርድ እኛን መነኮሳትንም ይመለከታል።

እንግዲህ ለሁለቱ እንግዶቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። አገር ከወጣቷ የዕድሜውን ጥቂት ክፍል ልትጠይቅ ትችላለች፤ ወላጅ ልጁን ውኃ ቅዳ፣ እንጨት ልቀም እንደሚለው ማለት ነው። ግን ሦስት ነገሮች ሳይጓደሉ ይሁን። የመጀመሪያው፣ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ በዚያም ቀን በእውነት ያብቃ። ሁለተኛው፣ አዋጁን የጻፈው ሰው ልጅ በመጀመሪያው ረድፍ ይቁም፤ ዘመድ አልባው የቁጥር ማሟያ አይሁን። ሦስተኛው፣ ደም ማፍሰስን ኅሊናው የማይፈቅድለት ሰው በሕሙማንና በአረጋውያን ቤት፣ በትምህርትና በእርሻ ያንኑ ያህል የሚከብድ ሌላ ሥራ ይሰጠው። እነዚህ ከተሟሉ ወጣቱ ቢታዘዝ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። ከጐደሉ ግን ነገሩ አፈሳ ነው፤ ልጇን የሸሸገች እናትም በእኛ ዘንድ አትወቀስም።

አባታችን እንዳሉት ግዳጅ ብቻውን ወጣቱን አንድ ያደርገዋል ለማለት ግን አንደፍርም። ያ የ1970ዎቹ ሠራዊት ከየብሔረሰቡ የተውጣጣ ነበር፤ በአንድ ምሽግ አድሮ አንድ ኮቾሮ ተካፍሏል። አገሪቱ ግን በዚያ አልዳነችም። ታዲያ ሰውን ወደ ሰው የሚያቀርበው ምንድን ነው?

ለዚህ የማኅበር ምንኵስና አባት የሆነውን አባ ጳኩሚስን እንጥራ። ገና ሳይጠመቅ፣ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ሳለ፣ የሮም መንግሥት በግድ ለውትድርና መለመለው፤ ከሌሎቹ ምልምሎች ጋር በላይኛው ግብፅ በእስር ቤት ዘጉበት። በማታ የማያውቋቸው ሰዎች እንጀራና ውኃ ይዘው መጥተው ልጆቹን መገቧቸው። እነማን እንደ ሆኑ ሲጠይቅ ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ ነገሩት። እርሱም ከዚያ ቢወጣ ዕድሜውን ሁሉ ሰውን ሊያገለግል ተሳለ። በተሰናበተም ጊዜ ተጠመቀ፤ ስእለቱንም ፈጸመ። ንጉሡ አስገድዶ ወታደር ሊያደርገው ፈለገ፤ እርሱን አገልጋይ ያደረጉት ግን ማንም ሳያዛቸው እንጀራ ያቀበሉት ናቸው። እኛም በየዓመቱ ግንቦት 14 በዓሉን ስናከብር፣ ባልንጀራችንን በወሰዱበት በዚያ ሌሊት እንጀራ ያቀበለው ሰው ኖሮ ይሆን እያልን እናስባለን።

ስለዚህ በዚህ የምትኖሩ ወጣቶቻችን፣ ከማንኛውም አዋጅ በፊት አንድ ልመና አለን። ለሰሙነ ሕማማትና ለትንሣኤ ከአገር ቤት የሚመጡት ተሳላሚዎች አብዛኞቹ አረጋውያን እናቶች ናቸው። ወደ ዴር ሡልጣን የሚያወጣው ደረጃ ይከብዳቸዋል፤ ሻንጣቸው ይከብዳቸዋል፤ በሕዝቡ ግፊያ መካከልም ይጠፋሉ። ሦስት ቀንም ቢሆን እጁን ሊሰጥ የሚወድ ሁሉ ከገዳሙ መጋቢ ዘንድ ይመዝገብ። የቀረ አይጠየቅም፤ ስሙም አይጠራም። እኛም ጉልበታችን በፈቀደልን መጠን ከደረጃው ሥር ውኃ ይዘን እንቆማለን።

እኒያ እናት ከመሄዳቸው በፊት የወንድማቸውን ስመ ክርስትና በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጥተውናል። አባትዮውም ወረቀቱን አይተው፣ ከዘመቻ ጣቢያቸው ያልተመለሱ የሁለት ጓደኞቻቸውን ስም ከሥሩ ጨመሩበት። እነዚህን ሁሉ ከባልንጀራችን ስም ጋር አያይዘን በየዕለቱ እናስባቸዋለን፤ በሕይወት ያሉ ከሆነ በሰላም እንዲመልሳቸው፣ አርፈውም ከሆነ ነፍሳቸውን እንዲያሳርፍልን አብራችሁን ለምኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።