ፎቶ የተነሣ ሰሌዳ

ሀዋሳ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ጥቂት የቆየ ሰው፣ ልጆቻችን ከየት እየተማሩ እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ተማሪዎቹ ስልካቸውን እየከፈቱ «ይቺን ፕሪንት አድርግልን» ይላሉ። ከቴሌግራም የወረደ ወርክሺት ነው፤ መልሱም አብሮ ተያይዟል። ክፍል ውስጥም መምህሩ የሞላውን ሰሌዳ ወደ ደብተሩ የሚገለብጠው ተማሪ እያነሰ ነው። አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ፎቶው ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተከፍቶ መነበቡን ግን እጠራጠራለሁ።

የጎረቤቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ትጉ ልጅ ናት። በቅርቡ የፊዚክስ ጥያቄ ሠርታ አሳየችኝ። የአክስለሬሽኑ መልስ ኔጌቲቭ ነው። «ለምን ኔጌቲቭ ሆነ?» ስላት፣ «ቴሌግራሙ ላይ እንደዛ ነው ያለው፣ ጋሼ» አለችኝ። ስልኩን ወደ ጎን አድርገን፣ በፍጥነት የሚመጣ ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ ፍጥነቱ ምን እንደሚሆን ተነጋገርን። ትንሽ አሰበችና «ስለሚቀንስ ነዋ!» አለች። ቀጣዩን ጥያቄ ያለማንም እገዛ ሠራችው። መልሱ ስልኳ ውስጥ ከገባ ሰንብቷል፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ትምህርትን በስክሪን በማድረስ ጉዳይ አገራችን ብዙ ገንዘብ ከፍላ የተማረችው ትምህርት አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰቀል የመምህራን እጥረትና የጥራት ችግር ይቃለላል ተብሎ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም ክፍል በተመሳሳይ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ፕላዝማው ይወስድ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ በምትቀረው ደቂቃ ይጣደፍ ነበር። ፕላዝማው ጥያቄ ያቀርባል፣ ጊዜ ይቆጥራል፣ ልጁ ጥያቄውን በቅጡ ሳይረዳ መልሱን አሳይቶ ያልፍ ነበር። «አንዴ ይድገሙልን» አይባል ነገር። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነበር። ያም ሆኖ ውለታውን መካድ አይገባም። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ኬሚካሎች ሲዋሐዱ፣ የልብ ክፍሎች ሲኮማተሩ ተማሪው በዓይኑ ያየው በፕላዝማ ነው። ጠመኔ ይህን አያሳይም።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ሪቻርድ ክላርክ በ1983 እ.ኤ.አ. ሚዲያ ትምህርትን የሚያመላልስ ዕቃ እንጂ በራሱ ውጤት የሚያሳድግ አይደለም ብሎ ጽፎ ነበር። ሮበርት ኮዝማ የተባለ ሌላ ምሁር ደግሞ፣ እያንዳንዱ ሚዲያ የራሱ ችሎታ ስላለው አጠቃቀሙን ያወቀበት ለውጥ ያገኝበታል ሲል ተከራከረው። የእኛ ፕላዝማ ለሁለቱም ማስረጃ ይሆናል። ምስሉ ጠቅሟል፤ አለመቆሙና ተማሪው እንዴት እንዳሰበ አለመጠየቁ ግን ጎድቷል። ስልክ ከፕላዝማ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያል። ልጁ የሚያስበውን መጠየቅ ላይ ግን የቴሌግራም ቻናሉም እንደ ፕላዝማው ነው።

ስልክ ይወገድ ለማለት አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪውን ከትምህርቱ ጋር ያገናኙት ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ነበሩ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ታትሞ ባልደረሰበት ጊዜም ብዙ ልጅ ያነበበው በስልክ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ያኔ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ የሚያውቁት እሱና ቤተሰቡ ናቸው።

ነገር ግን ስልክ የማይገባበት ቦታ ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ፣ ከቀደሙት ዓመታት ስርቆትና ኩረጃ የተነሣ ስልክ ከግቢ ውጭ ቀረ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ስልክን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የመጽሐፍ እጦቱ፣ የመምህሩ ኑሮ፣ የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሁሉም ድርሻ አለው። ሆኖም ለዓመታት በልጆቹ እጅ ሲዘዋወር የነበረው መልስ ሁሉ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከጎናቸው አልተገኘም።

ስለዚህ የሀዋሳ መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ወርክሺቱን በቴሌግራም ልቀቁት፤ መልሱን ግን ልጆቹ ሞክረው፣ ተሳስተው፣ ክፍል ውስጥ ከተወያያችሁበት በኋላ ላኩት። ወላጆችም «አጠናህ ወይ? አጠናሽ ወይ?» ብለን ብቻ አንለፍ። ፊዚክስ ባናውቅም፣ ደብተሩን አስከፍተን «ይሄ እንዴት መጣ? እስኪ አስረዳኝ» ማለት አያቅተንም።