የሐይቁ ዳር የማን ነው?

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ከመጡት ተማሪዎች መካከል ነን። ባገራችን ሐይቅ የለም። በስተ ምሥራቅ ዐባይ በጥልቅ ሸለቆው ይወርዳል፤ በስተ ምዕራብ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ስለዚህ ጣናን መጀመሪያ ባየን ዕለት ያደረብንን ደስታ የሐይቅ ዳር ልጆች አይረዱልንም ይሆናል። ካገር ቤት ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣም ወዴት እንደምንወስደው አናመነታም።

ባለፈው ዓመት የአንደኛችን አክስት ለሕክምና ከሞጣ መጥተው ነበር። ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ «ጣናን ሳላይማ አልመለስም» አሉንና ይዘናቸው ሄድን። የመጀመሪያው በር የሆቴል በር ነበር። ዘበኛው በትሕትና ብድግ ብሎ «እማማ፣ መግባት ይችላሉ፤ ነገር ግን ሳያዝዙ መቀመጥ አይፈቀድም» አላቸው። ወሩ የጾም፣ ሰዓቱም ገና ጧት ነበር። «ውኃውን ልየው ነው እንጂ ልጠጣው አላልኩም እኮ፣ ልጄ!» አሉት። ልጁ ዐፍሮ ዐንገቱን ደፋ፤ የታዘዘውን የሚፈጽም ደመወዝተኛ በመሆኑ እኛም አልፈረድንበትም። አክስታችን በአጥሩ ብረት መካከል አሻግረው ሐይቁን ጥቂት ተመለከቱና ወደ መናኸሪያው ተመለስን።

ይህን የምንጽፈው አንድን ሆቴል ለመክሰስ አይደለም፤ ስሙንም ያልጠቀስነው ስለዚሁ ነው። ጥያቄያችን ከዚያ የሰፋ ነው፤ አንድ ከተማ በውኃ ዳር ሲቆረቆር ውኃው የሚታይበት መሬት የማን ነው?

ባሕር ዳር የዛሬ መልኳን መያዝ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊቴክኒኩ የተቋቋሙት፣ የጀርመን ባለሙያዎችም የከተማይቱን ፕላን የነደፉት በዚያ ዘመን ነበር። በዘንባባ የተሸለሙትን ሰፋፊ መንገዶች እያየን እስከ ዛሬ እንኰራባቸዋለን። ነገር ግን መንገዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ መንገዱ ሊያደርሰን የሚገባው የሐይቁ ዳር በብዙ ቦታ በግንብና በአጥር ተይዟል። ግዮንና ጣና ሆቴሎች በውኃው ዳር ከተሠሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ከእነርሱ በኋላ ደግሞ መዝናኛዎች፣ ሎጆችና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ተከተሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት መሬት ነው። ሁሉም ተደምረው ሲታዩ ግን ባላገሩ ሐይቁን የሚያየው በቀዳዳ ሆኗል።

እኛ ቋንቋና ታሪክ የምንማር ስለሆንን አንድ ነገር ሳንታዘብ አላለፍንም። የከተማ ሹማምንት ቤት ያልተሠራበትን መሬት «ባዶ ቦታ» ይሉታል። ባዶ የተባለ ነገር ደግሞ መሞላት አለበት! በብቸናም ሆነ በሞጣ ያደግን ልጆች ግን ሜዳ ባዶ ሆኖ አናውቅም። በገና ሩር የሚለጋበት፣ በጥምቀት ታቦት የሚያድርበት፣ በመስቀል ደመራ የሚደመርበት፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከልበት፣ በሌላው ቀን ሁሉ ደግሞ ከጨርቅ የተሠራ ኳስ የሚጠለዝበት እርሱ ነው። የጣና ዳርም እንዲሁ ነው። ነገደ ወይጦዎች ከዚያው ደንገል እያጨዱ ታንኳ ሲሠሩና ሲሸጡ፣ ዓሣ ሲያጠምዱና ቅርጫት ሲሰፉ ኖረዋል። ከተማው ባደገ ቁጥር ወደ ኋላ የተገፉት ከሁሉ አስቀድሞ እነርሱ ናቸው። ስለ ሐይቁ ዳር ልማት በሚነገርበት ስብሰባ ሁሉ ስማቸው ለጌጥ ይነሣል፤ ታንኳቸው በሆቴሉ በራፍ ላይ ይሳላል፤ ባለቤቶቹ ግን ታንኳውን የሚያስጠጉበት ቦታ ይፈልጋሉ።

ደንገሉም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። ከየማሳው በጐርፍ የሚመጣውን ደለል የሚያጣራው፣ ለዓሣና ለወፍ መራቢያ የሚሆነው እርሱ ነው። በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዘሮች አሉ። ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡት በከንቱ አልነበረም። እምቦጭ የሚሉት መጤ አረም ሐይቁን ሲወርር ሰው ሁሉ ደንግጦ በእጁ ሊነቅል መውጣቱን እናስታውሳለን። ዳሩን በሲሚንቶ መድፈን ግን ብዙም አላስደነገጠንም።

«ሆቴል ባይሠራ ወጣቱ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከብቸናና ከሞጣ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሰው በባሕር ዳር ሆቴሎች በአስተናጋጅነትና በአልጋ አንጣፊነት የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉን፤ አንዳንዶቻችን ደብተርና እስክሪብቶ የምንገዛው እነርሱ በሚቈርጡልን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሆቴል ይጥፋ አንልም። የምንለው አንድ መንገድ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ይሠራ ነው። እንግዳው ከሁለተኛው ፎቅ ሆኖ ሐይቁን ሊያየው ይችላልና! በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ቱሪስት መጥፋቱን ሁላችንም አይተናል። እንግዳ በማይመጣበት ጊዜ እንኳ የከተማው ነዋሪ ከዚያው ከተማው አለ፤ አጥሩም እንደዚያው አለ።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። በወረቀት ላይ የሐይቁ ዳር የአክስታችን ነው ማለት ነው። የጐደለው በእግር የሚሄዱበት መተላለፊያ ነው። የባሕር ዳርን ፕላን በነደፉት ሰዎች አገር፣ በጀርመን፣ ባቫሪያ የምትባለው ክፍል ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 141 ላይ ሕዝቡ ወደ ተራሮቹና ወደ ሐይቆቹ የሚደርስበትን መንገድ ክፍት ማድረግ የመንግሥቱና የማዘጋጃ ቤቶቹ ግዴታ ነው ብላለች። ቤታቸው በቦምብ ፈርሶ፣ ዳቦ በካርድ እየታደለ ሳለ እንኳ ይህን መጻፍ አልረሱም። ከእኛም አገር ብንጠቅስ፣ ወደ ሐዋሳ የሄደ ሰው በፍቅር ሐይቅ ዳር ሀብታሙም ድኻውም ባንድ መንገድ ሲንሸራሸር ያያል። በቢሾፍቱ ግን ብዙው የሐይቅ ዳር የመዝናኛዎች ስለሆነ የባሕር ዳር ሹማምንት ሁለቱን ከተሞች አስተያይተው ቢመለሱ ጥሩ ትምህርት ነበር።

ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ባሕር ዳርም ደርሶ የእግረኛ መንገድ መሠራቱን በደስታ አይተናል። ነገር ግን ዛሬ የተከፈተው ነገ ለካፌ በኪራይ እንዳይሰጥ በጽሑፍ የጸና ደንብ ያስፈልገዋል። ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ ሃያ ሜትር የማይታጠር፣ የማይሸጥ፣ የማይከራይ ይሁን እንላለን፤ ሠላሳ ቢባልም አንቃወምም። አሁን በዳሩ ያሉት ሆቴሎች ውላቸው ሲታደስ በውኃው በኩል የእግር መንገድ እንዲለቁ ይደረግ፤ ታንኳ የሚያስጠጉ ሰዎችም የታወቀ ቦታ ይከለልላቸው። ይህ ሐሳብ ከብዙ ሰዎች ጋር ስንነጋገር «እናንተ ደግሞ ከደጋ መጥታችሁ ስለ ሐይቅ ታወራላችሁ!» አሰኝቶብናል። እውነት ነው፣ ከደጋ መጥተናል። ነገሩ ያሳሰበን ግን በከፊል ስለዚሁ ነው፤ ባሕር ዳር ያደረገችውን ብቸናና ሞጣም ነገ ያደርጉታልና። በየከተሞቻችን ሜዳው በየዓመቱ ከዳር ከዳር ሲቈረስ እናያለን።

ስለዚህ ለማኅበራችን ጉባኤ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛው፣ የሐይቁን ዳር ጉዳይ የሚመለከት ደብዳቤ በማኅበሩ ስም ለከተማው አስተዳደር ይጻፍልን። ሁለተኛው፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ከየከተማው ሁለት ሁለት ተማሪ ተመርጦ፣ የቀረውን ሜዳ በእርምጃም ቢሆን ለክቶ፣ ምን ምን እንደሚደረግበት ከሽማግሌዎች ጠይቆ ጽፎ ይመለስ። የብቸናውንና የሞጣውን እኛ እንለካለን።