ዋስ የሌለው ገበያ



በሀገር ቤት በሬ ወይም በቅሎ የገዛ ሰው ዋስ ይጠራ ነበር። ከብቱ የሌባ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጩ ቢጠፋ እንኳ ዋሱ ይያዛል። ዛሬ በእጅ ስልካችን የምንገዛበት ገበያ ግን ዋስ የለውም። ሻጩ በቻይና፣ ድርጅቱ በሌላ ሀገር፣ ገንዘቡ የሚወጣው ግን እዚህ ካለው ከእኛው ባንክ ነው። ዕቃው ተሰብሮ ቢመጣ ወይም ጭራሹን ባይመጣ ማንን እንክሰስ? «ውሉን አንብባችሁ ተስማምታችኋል» ይሉናል። እኛ ደግሞ ማንም እንዲያነበው ባልታሰበ ውል ሰውን ማሰር ፍትሕ አይደለም እንላለን።

ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት ከርቀት የተገዛን ዕቃ፣ ዕቃው ወይም የውሉ ዝርዝር ጽሑፍ ከደረሰን ጀምሮ (የዘገየው ተቆጥሮ) እስከ 14 ቀን ድረስ ለመሰረዝ ይፈቅዳል። ጉድለት ሳይኖርበት ለሰረዘ ሰው የሚቀነስበት የዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። እንደ ቶሎ የሚበላሹ ነገሮች ያሉት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ከዚህም በላይ የዖሌ ምስክር ወረቀት ከተሰጠው 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ገቢ፣ እንዲሁም አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ።

ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የ4 ወሩ መብት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለበት፤ ይኸውም ለግዢው ሻጩና ገዢው የተነጋገሩ መሆን አለባቸው። ንግግሩ በኤሌክትሮኒክ መገናኛ ቢሆንም ይቆጠራል። ማንንም ሳያነጋግር፣ ዕብራይስጡን እየገመተ ቁልፉን የተጫነ አዲስ ገቢ ግን 14 ቀን ብቻ ይቀርለታል። ሕግ አውጪው አንደበተኛ ሻጭ እንዳያታልለን ሰግቷል፤ ተገቢ ስጋት ነው። ዳሩ ግን «ቅናሹ ሊያበቃ 5 ደቂቃ ቀረው» እያለ ሰዓት የሚቆጥርብን ገጽ ከአንደበተኛው ሻጭ በምን ይሻላል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የባሰው ችግር ሻጩ ከባሕር ማዶ ሲሆን ነው። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን ያወጣው የአርአያ ሕግ፣ ውል በኤሌክትሮኒክ መልእክት ስለተደረገ ብቻ ዋጋ አያጣም አለ። ብዙ ሀገሮችም ይህንኑ ተከተሉ። የገዢው ጣት እንዲያስረው መንገዱ ቶሎ ተጠረገ፤ የሻጩን እጅ የሚይዝ ግን ዘገየ። በ2018 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በፌስቡክ ላይ የሚቀርብ ክስ በካሊፎርኒያ ብቻ ይታይ የሚለውን የውል አንቀጽ ሻረ፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ይሠራ የሚለውን ግን አጸና። የፍርድ ቤቱ በር እዚህ ተከፈተ፣ ሕጉ ግን እዚያ ቀረ። ይኸው መንገድ በዕቃ ግዢ ላይ ከተሠራበት፣ ለአንድ ጥንድ ጫማ ሲል የባዕድ ሀገር ሕግ አዋቂ የሚቀጥር የትኛው ቤተሰብ ነው?

«ሕግ ሲጠብቅ ዋጋ ይወደዳል፣ ነጋዴውም ይሸሻል» የሚሉ አሉ። ልጆች ለበዙበት ቤት ርካሽ ዕቃ ትልቅ እርዳታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አውሮፓን እንመልከት። በ2008 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ ንግዱን ወደ ሸማቹ ሀገር ያቀና ነጋዴ በውሉ ውስጥ የሌላ ሀገር ሕግ ቢመርጥም፣ የሸማቹ ሀገር ሕግ የሚሰጠውን አስገዳጅ ጥበቃ ሊነፍገው እንደማይችል ይደነግጋል። ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ በዕቃዎች ደኅንነት ደንብ የሚሸፈን ሸቀጥ ሁሉ፣ አድራሻው በኅብረቱ ውስጥ የሆነ ኃላፊ ሊኖረው ግድ ሆኗል። ይህ የአባቶቻችን ዋስ ማለት አይደለምን? ነጋዴዎቹም ከአውሮፓ ገበያ ነቅለው አልሄዱም።

ስለሆነም የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዕብራይስጥ የሚያስተዋውቅና በሸቅል የሚያስከፍል የውጭ ነጋዴ ሁሉ በእስራኤል ውስጥ መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል ይኑረው። ሁለተኛ፣ የ4 ወሩ መብት ያለ ንግግር ለተደረገ ግዢም ይሁን። ሦስተኛ፣ መብታችን ገና በኡልፓን ሳለን በአማርኛ ይነገረን፤ የማያውቁት መብት እንደሌለ ይቆጠራልና።

እስከዚያው ድረስ ከመክፈላችሁ በፊት የሻጩን ስምና አድራሻ ፈልጉ፤ ከሌለው አትግዙ። ገጹንና ዋጋውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ስትሰርዙ በጽሑፍ ሰርዙ። ያልፈቀዳችሁት ክፍያ ብታዩ ለካርዱ ድርጅት ሳትውሉ ሳታድሩ አስታውቁ። ሻጩ እዚሁ ሀገር ካለ ደግሞ ጠበቃ ሳትይዙ የምትከራከሩበት የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት አለላችሁ።

ገንዘባችን ሲወጣ ድንበር ካልከለከለው፣ መብታችንንም ድንበር ሊከለክልብን አይገባም።