ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?

ሙቀቱንና አቧራውን እንዴት ቻላችሁት?

ሰሞኑን ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ የጎረቤታችን የሰባት ዓመት ልጅ «አባባ፣ ልጅ ሆነህ ምን መሆን ትፈልግ ነበር?» አለችው። «ሐኪም» አላት። «ታዲያ ለምን አልሆንክም?» ስትለው ስኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን፤ ጥያቄው የሁላችንም ነበራ!

ልጆች ሳለን መምህራችን ሲጠይቁን ግማሻችን «ዶክተር»፣ ግማሻችን «ፓይለት» እንል ነበር። «ስደተኛ እሆናለሁ» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ፓይለት ያልነው እንኳ ፕሮሰሳችን ካለቀ ተሳፋሪ ሆነንም ቢሆን እንበራለን።

ጎረቤታችን ዛሬ በካምፑ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነው። የሚከፈለው ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ የምትባለዋ ናት፤ ለሽንኩርትና ለዘይት ብትበቃ ነው። ታዲያ አምና አንዲት የብሎካችን ልጅ በሌሊት ምጥ ያዛት። ነርሷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፣ እሷ አማርኛ ብቻ። እየሮጠ ደርሶ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን መውለዷን ለነርሷ የነገራት እሱ ነበር። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከች። እናትም ልጅም ዛሬ ደህና ናቸው። ሐኪም አልሆነም፤ ያን ሌሊት ግን ያለ እሱ ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ኖሯል?

ምኞት ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፉት 10 የስደተኞች ቡድን ስፖርተኞች አምስቱ ከዚሁ ከካኩማ የወጡ ሯጮች ነበሩ። ማራቶን የሮጠው ዮናስ ክንዴም የአገራችን ልጅ ነው። ልጆቻችን ይመኙ፣ ይማሩ። የእኛን ያልተሳካ ምኞት ግን በግድ አናሸክማቸው።

ችግሩ ብዙዎቻችን ኑሯችንን «ፕሮሰሱ ሲያልቅ» ለሚባል ቀን ማስቀመጣችን ነው። እስከዚያ የምንሠራውን ሁሉ እንደ ሥራ አንቆጥረውም። የታመመ መጠየቅ፣ የጎረቤት ልጅ ፊደል ማስቆጠር፣ ራሽን ላነሳት ማካፈል፣ ይህ ሁሉ ኑሮ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ሐኪም ልሁን ያለው ልጅ የፈለገው ነጩን ካፖርት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ማዳንም ነበር።

ጎረቤታችን ለልጁ ያን ሌሊት ገና አልነገራትም። ንገራት ብለነዋል። እናንተም ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አይጠፋችሁም፤ ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

ቸር እንሰንብት።